የክረምት ካምፕ ለየትኛው ልጅ ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በመጠኑ ተስተካክሏል)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ ‹‹ስለ ልጆች ጤና የፈለግሽውን ተናገሪ፤ ብቻ አደራ፣ ከሃያ ደቂቃ እንዳታልፊ›› ብለውኛል። ሐኪም ማይክ ከያዘ እንደማይለቅ ያውቃሉ ማለት ነው። ርዕስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርኩም። ጊዜው ሰኔ ነው። በሕፃናት ሐኪም ክፍል ሰኔ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንዱ ጉንፋንና ሳል ነው። ሁለተኛው ወላጆች ከቦርሳቸው የሚያወጡት የክረምት ካምፕ መመዝገቢያ ቅጽ ነው። ቅጹ ከታች በኩል ‹‹በሐኪም የሚሞላ›› የሚል ቦታ አለው። ዛሬ ስለዚያች ትንሽ ቦታ ነው የማወራችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ካምፕ ስል ድንኳን ተክሎ ማደርን ብቻ ማለቴ አይደለም። ጠዋት ገብተው ከሰዓት በኋላ የሚወጡበት የሥዕል፣ የሙዚቃ፣ የኮምፒውተር፣ የዋናና የቴኳንዶ ሥልጠና፣ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ማጠናከሪያ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶችና የመድረሳዎች የክረምት መርሐ ግብር፣ ዩኒቨርሲቲዎች በሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከሎቻቸው የሚሰጡት ሥልጠና፣ ላንጋኖ ወርዶ ጥቂት ቀን ማደር፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። ወላጅ ሁሉ ሰኔ ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ ያው አንድ ነው፦ ‹‹ክረምቱን እነዚህን ልጆች ምን እናድርጋቸው?››

ቅጽ ያልነበረው ክረምት

‹‹በእኛ ጊዜ ካምፕ የሚባል ነገር የት ነበር?›› የሚል ጓደኛ አለኝ፤ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ነበር እንጂ! ስሙ ካምፕ አልነበረም። ቡሄ ሲቃረብ ሰፈር ውስጥ የሚቋቋመውን የሆያ ሆዬ ቡድን አስታውሱ። አውጪ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ልምምድ አለው። ከየትኛው ቤት ሙልሙል እንደሚገኝ፣ የየትኛው ቤት ውሻ እንደሚነክስ አጥንቶ የሚያውቅ መሪ አለው። ማታ ሳንቲሙ ይቆጠራል፣ ይካፈላል። ገንዘብ ያዡ ካጭበረበረ በዓመቱ ሌላ ይሾማል። ሴቶቹ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ይለማመዳሉ። እጁ ለሥዕል የተፈታው ልጅ ቀለም በጥብጦ ለአዲስ ዓመት የሚያዞረውን አበባና መልአክ ይሥላል። ዛሬ በብሮሹር ላይ ‹‹የአመራር ክህሎት››፣ ‹‹የቡድን ሥራ››፣ ‹‹የፈጠራ ችሎታ›› እየተባለ የሚጻፈው ሁሉ እዚያ ነበር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መመዝገቢያ ቅጽ አልነበረም። ደረቱን የሚያፍነው ልጅ የዚያው ሰፈር ልጅ ስለሆነ አብሮ ይወጣል። መሮጥ ካልቻለ ሳንቲሙን ይይዛል። ‹‹አንተ ሕመምተኛ ነህ፣ ቤትህ ተቀመጥ›› የሚለው አስተባባሪ አልነበረም።

ያንን ጊዜ አሳምሬ ለማውራት አይደለም። ያኔ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ልጆች መካከል በሽታው ሳይታወቅለት የሚሞተው ጥቂት አልነበረም። ዛሬ መድኃኒቱም መለኪያውም በተሻለ ሁኔታ ይገኛል፣ ልጆቹ በሕይወት አሉ፣ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እንግዲህ በሕይወት ያቆየነውን ልጅ ክረምት ሲመጣ ከጓደኞቹ ለይተን ቤት እናስቀምጠዋለን ወይ? ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይኸው ነው።

ዕረፍቱ ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

ሐምሌና ነሐሴ በገጠር ዕረፍት አይደለም። ልጁ ከብት ይጠብቃል፣ አረም ያርማል፣ ወገቡ ሳይቀና ይውላል። የከተማው ልጅ ክረምት ግን ተለውጧል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ሥር መኪና ይቆማል፣ ሜዳው ታጥሯል። አባትና እናት ሥራ ናቸው። ስልኩ ወይም ቴሌቪዥኑ ሞግዚት ሆኗል። ሌሊት እስከ ስድስት ሰዓት ያመሻል፣ ጠዋት አራት ሰዓት ይነሣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጁ ሳያስበው ከዚያ የተወሰነውን ያገኛል፤ በእረፍት ሰዓት ይሯሯጣል፣ በእግሩ ይመላለሳል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያም አብሮ ይዘጋል። አሜሪካ ውስጥ ከ18,000 በላይ ሕፃናትን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ክፍል የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከመጠን በላይ የወፈሩት ልጆች ድርሻ ከ8.9 በመቶ ወደ 11.5 በመቶ ከፍ ብሏል። ጭማሪው በሙሉ የመጣው በሁለቱ ረጅም ዕረፍቶች ነው፤ ትምህርት ቤት ክፍት በነበረባቸው ወራት አልጨመረም። ልጁን የሚያወፍረው የትምህርት ቤት ምሳ ነው እያልን ስንከራከር፣ ለካስ ቤት መዋሉ ኖሯል።

ይህ የአሜሪካ ቁጥር ነው፤ የእኛን ልጆች በዚያ አልለካም። በእኛ ከተማ ሁለት ዓይነት ልጅ አለ። አንደኛው ክረምቱን ሶፋ ላይ ቺፕስ እየበላ ያሳልፋል። ሁለተኛው ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት በሚሰጠው ቁርስና ምሳ የሚደገፍ ልጅ ነው። ለእሱ የሁለት ወር ዕረፍት ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ‹‹ምሳዬን የት እበላለሁ?›› የሚል ነው። የክረምት መርሐ ግብር ስናቅድ ሁለቱንም ልጆች ማሰብ አለብን።

አደጋም አለ። ክረምት ላይ ወንዝ ይሞላል፣ የድንጋይ ካባ ጉድጓድ ውኃ ያቁራል፣ የሚጠብቃቸው ሰው የሌላቸው ልጆች ይዋኛሉ። በየዓመቱ በዝናቡ ወራት ልጅ ይሰጥማል። ልጆች በተጠበቀ ቦታ፣ ዋና የሚችል ሰው ባለበት መዋላቸው በራሱ ሕክምና ነው።

ካምፕ ለማን ተጀመረ?

ካምፕ የሀብታም ልጆች መዝናኛ ሆኖ የተፈጠረ ይመስለናል። የታሪኩ አንዱ ትልቅ ምንጭ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 በስዊዘርላንድ የዙሪክ ከተማ ቄስ የነበሩት ዋልተር ሄርማን ቢዮን 68 የድሃ ልጆችን ከታፈነው ከተማ አውጥተው ወደ አፔንዜል ተራሮች ወሰዷቸው። ዓላማቸው አየር እንዲያገኙ፣ ጠግበው እንዲበሉ፣ የገረጣ ፊታቸው ደም እንዲመለስበት ነበር። ልምዱ ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ1925 በጥቁር ባሕር ዳርቻ የተከፈተው ስመ ጥሩው አርቴክም የተጀመረው በሳንባ ነቀርሳ የተጠቁ ልጆች የሚያገግሙበት ቦታ ሆኖ ነው።

በዚያው በ1925 ደግሞ ሐኪሙ ሊዮናርድ ዌንት በአሜሪካ ሚሺጋን ስኳር በሽታ ላለባቸው ልጆች የመጀመሪያውን ካምፕ ከፈቱ። ቀኑን ልብ በሉልኝ። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በቶሮንቶ፣ ለ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት በሽታው ለልጅ የሞት ፍርድ ነው። መድኃኒቱ በተገኘ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሐኪም ‹‹እነዚህ ልጆች ከዳኑ ዘንድ ይጫወቱ›› ብሎ ካምፕ አቆመ ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተቻለ ነገር ነው። ካምፕ ለደካማው ልጅ የተጀመረ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ በእኛ ከተማ መጀመሪያ ከበር የሚመለሰው ደካማው ልጅ ነው።

‹‹አለበት›› ወይስ ‹‹የለበትም››?

አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው 11 ዓመቱ ነው፤ ዓይነት 1 ስኳር በሽታ አለበት። በቀን ብዙ ጊዜ ጣቱን ወግቶ ይለካል፣ ኢንሱሊኑን በራሱ እጅ ይወጋል፣ የሚበላውን ከአንዳንድ የሕክምና ተማሪ በተሻለ ያሰላል። እናቱ የካምፑን ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ‹‹ሥር የሰደደ ሕመም፦ አለበት / የለበትም›› ይላል።

‹‹ዶክተር፣ አለበት ብዬ ብጽፍ አይቀበሉትም። የለበትም ብዬ ብጽፍ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ልጻፍ?›› አሉኝ።

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፤ የሚለዋወጠው የበሽታው ስም ነው። ወደ ካምፑ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው አስተባባሪ ትሑት ሰው ነው። ‹‹ዶክተር፣ ልጁን ጠልተን አይደለም። አንድ ነገር ቢሆን ማን ይጠየቃል? ኃላፊነቱን መውሰድ አንችልም›› አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ፈርቷል። ፍርሃቱም ምክንያት አለው። ስኳር በሽታ ያለበት ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው ቁጭ አድርጎ የነገረው ሰው የለም።

እውነቱ ሲደበቅ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ሌላዋ ልጅ ታሳያችኋለች። 13 ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት። ወላጆቿ ‹‹የለባትም›› ብለው ጻፉ። አልፈርድባቸውም። ካምፑ የማደሪያ ነበር። ልጆቹ ሲጫወቱ አምሽተው በሌሊት ተኙ። እሷም ሰው እንዳያይባት ብላ ክኒኗን ሳትውጥ ቀረች። እንቅልፍ ማጣትና የተዘለለ መድኃኒት፣ ሁለቱም በሽታውን የሚቀሰቅሱ ነገሮች ናቸው። ጠዋት ላይ ጣላት። ክብሪት ጭረው አሸተቷት። ጥርሶቿ መሐል ማንኪያ አስገቡ፤ የፊት ጥርሷ ተሰበረ። በዚያው ቀን ዕቃዋ ተሸክፎ ወደ ቤት ተመለሰች። ጥርስስ ይተካል። መስከረም ላይ ግን ‹‹ትምህርት ቤት አልሄድም›› አለች። ካምፕ አብረዋት የነበሩት የክፍሏ ልጆች ነበሩና።

እንግዲህ ‹‹አለበት›› ብሎ የጻፈ ይመለሳል፤ ‹‹የለበትም›› ብሎ የጻፈ ለአደጋ ይጋለጣል። ጥፋቱ ከወላጁም ከአስተባባሪውም ይልቅ የጥያቄው ነው። ‹‹አለበት ወይስ የለበትም?›› በር ለመዝጋት እንጂ ልጅ ለመንከባከብ የሚያገለግል ጥያቄ አይደለም።

አንድ ገጽ ወረቀት

በእሱ ፈንታ አምስት ጥያቄ ያለበት አንድ ገጽ ይበቃል። አንደኛ፣ የሕመሙ ስም ማን ነው? ሁለተኛ፣ ምን መድኃኒት፣ በስንት ሰዓት ይወስዳል፤ ማን ይይዝለታል? ሦስተኛ፣ ሊብስበት ሲል ምን ምልክት ያሳያል? አራተኛ፣ ያ ምልክት ሲታይ መጀመሪያ ምን ይደረግ? አምስተኛ፣ ለማን ይደወል፤ ቅርብ ያለው ጤና ተቋምስ የትኛው ነው? ከገጹ አናት ላይ ደግሞ በትልቁ፦ ‹‹ይህ መረጃ ልጁን ተቀብሎ ለመንከባከብ ብቻ ያገለግላል›› ተብሎ ይጻፍ። ይህን ገጽ ሐኪሙና ወላጁ አብረው ይሞሉታል፤ አሠልጣኞቹ ከካምፑ በፊት ያነቡታል።

እዚህ ያላችሁ ሁላችሁም ሐኪም አይደላችሁም። ስለዚህ በብዛት የሚያጋጥሙንን አራት ሕመሞች በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ብትይዙት ለጎረቤት ልጅም ይሆናል።

ስኳር በሽታ፦ የሚያስፈራው ስኳሩ ሲወርድ ነው። ልጁ ብዙ ሲሮጥ ወይም ምሳ ሲዘገይ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይነጫነጫል፣ ዓይኑ ይፈዛል። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ ምልክቱ ብቻ ከታየ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ሲስተካከል ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ ይበላል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው። ‹‹ፍሪጅ የለንም›› የሚሉ ካምፖች አሉ። የተከፈተ ኢንሱሊን ከፀሐይና ከሙቀት ከራቀ በአዲስ አበባ ብርድ አራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል።

የሚጥል በሽታ፦ ሲጥለው ሰዓት ያዙ። በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ ፍቱ፣ ራሱ ሥር ልብስ አድርጉ። አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ክብሪትም አያሸትም። ለሃጩ አይጋባም፤ ስለዚህ ለመንካት አትፍሩ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ደግሞ ደጋግሞ ከጣለው ሐኪም ቤት ይሄዳል። ካምፕ ላይ በጊዜ ይተኛ፣ ድርብ አልጋ ከሆነ ታችኛው ላይ ይተኛ፣ እሳት አጠገብ ብቻውን አይሁን፣ ሲዋኝ ዓይኑን ከእሱ የማይነቅል አንድ ሰው ይመደብለት። ይህን ያህል ነው።

አስም፦ ክረምት፣ ብርድ፣ የሻገተ ክፍልና የካምፕ እሳት ጭስ ይቀሰቅሱታል። የሚስበው ፓፍ ከልጁ ወይም ከአሠልጣኙ ኪስ አይለይ፤ ቢሮ ውስጥ የተቆለፈ ፓፍ እንደሌለ ነው። ትናንሽ ልጆች በቀጥታ መሳብ ይቸግራቸዋል። መድኃኒቱን የሚያቀብለው ፕላስቲክ ካልተገኘ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ታችኛውን በኩል በፓፉ አፍ ልክ ቀዶ መጠቀም ይቻላል። በደቡብ አፍሪካ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ጠርሙሱ ከሚሸጠው መሣሪያ እንደማያንስ አሳይቷል።

አራተኛው ከቶንሲል ተነሥቶ ልብን የሚጎዳው ሕመም ነው። እነዚህ ልጆች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋሉ። ከካምፑ የሚፈለገው የመርፌው ቀን እንዳያልፍ ማየትና ልጁ ሲደክመው ‹‹ሰነፍ›› ሳይባል እንዲቀመጥ መፍቀድ ነው።

የ11 ዓመቱን ልጅ ነገር ልጨርስላችሁ። ከአስተባባሪው ጋር በአካል ተገናኘን፣ ያንን አንድ ገጽ ሞላን፣ ሁለት አሠልጣኞች ክሊኒክ መጥተው አንድ ሰዓት ሠለጠኑ። ልጁ ገባ። በአራተኛው ቀን ኳስ እየተጫወተ ላብ አጠመቀው። ሲለካ 58። አሠልጣኟ ስኳሩን በጠበጠች፣ አጠጣችው፣ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች፣ እንደገና ለካች፦ 96። ዳቦውን በላና ለሁለተኛው አጋማሽ ደረሰ። በቀጠሮው ቀን ሲነግረኝ፦ ‹‹የቲቸር እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አይዞሽ ያልኳት እኔ ነኝ›› አለኝ። እናቱ ከጎኑ ተቀምጠው እንባና ሳቅ ቀላቀሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንሱሊኑን ለመወጋት መጸዳጃ ቤት ገብቶ መደበቅ ትቷል። እኔ በሁለት ዓመት ክትትል ያልሠራሁትን ካምፑ በሁለት ሳምንት ሠራው።

ለጤነኛውም ልጅ

ለሕመምተኛው ልጅ የሚሆን ካምፕ ለጤነኛውም የተሻለ ነው። እንዴት? ምሳ በሰዓቱ ይበላል፣ እንቅልፍ ይከበራል፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ስልክ የሚያነሣ ሰው አለ። ስለዚህ ልጃችሁ ምንም ሕመም ባይኖርበትም ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ አንድ አሠልጣኝ ስንት ልጅ ይይዛል? የእጅ መታጠቢያው ውኃ አለው? መጸዳጃው ለሴቶች ልጆች ይቆለፋል? አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል እንዳይሆን ደንብ አላችሁ ወይ? ዝናብ ሲጥልስ ምን ታደርጋላችሁ? በሐምሌ ‹‹ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ›› ብሎ የሚያቅድ ሰው አዲስ አበባን አያውቃትም።

ስለ ማጠናከሪያም አንድ ነገር ልበል። ማንበብ ለዘገየበት ልጅ ጥቂት ሰዓት በትንሽ ቡድን ቢታገዝ ጥሩ ነው። አሥር ወር የተማረን ልጅ ግን ክረምቱንም ከጠዋት እስከ ማታ ዴስክ ላይ ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ላይ ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጨዋታ ለልጅ ትርፍ ነገር አይደለም፤ መብቱ ነው።

የሊስትሮው ሣጥን

በር የሚዘጋው ሕመም ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም ነው። ክረምት ሲመጣ በየአስፋልቱ ዳር የሊስትሮ ሣጥን የያዙ ልጆች ይበዛሉ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ጫማ የሚጠርጉት ለመስከረም ደብተርና ቦርሳ ለመግዛት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ‹‹ነፃ ካምፕ አለ፣ ና›› ብትሉት አይመጣም። ቀኑን ለእናንተ ከሰጠ ደብተሩን ማን ይገዛለታል? ስለዚህ ለእሱ የሚሆን ካምፕ ግማሽ ቀን መሆን አለበት፣ ምሳ ሊኖረው ይገባል፣ በመጨረሻውም ቀን ደብተር ሊሰጠው ይገባል። ደብተሩን ካምፑ ከሸፈነለት ጠዋቱን ለካምፑ ይሰጣል።

የማቀርበው ሐሳብ

እንግዲህ ወደ እኛው ልምጣ። ክረምት ላይ ግቢዎቻችን ጨርሰው ባዶ እንደማይሆኑ አውቃለሁ፤ የክረምት ተማሪዎች አሉ። ነገር ግን እንደ እኛ ግቢ ያለ የልጆች ካምፕ የሚሆን ቦታ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል? ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። አራት ኪሎ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። የአገራችን ዕፅዋት ተጠብቀው የተቀመጡበት ብሔራዊ ሄርባርየም አለ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማችን ድረስ ሲሰማ ልጆቻችን ‹‹ለምን ይንቀጠቀጣል?›› ብለው ጠየቁን፤ መልሱን የሚያስረዱ የጂኦፊዚክስ ምሁራን እዚሁ አሉን። ጂኦሎጂስቱ፣ ጠበቃው፣ የቴአትር ሰው፣ መሐንዲሱ፣ ነርሷ፣ ሁሉም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ሐሳቤ አጭር ነው። በዚህ ክረምት 40 ልጆችን፣ ለሁለት ሳምንት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት እንቀበል። ጊዜው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሁን። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል፤ ብዙ ልጆች የሚጾሙት ጾም ስለሆነ የምሳውም የመድኃኒቱም ሰዓት ይዛባል። ከ40ው ቦታ 10ሩ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ልጆች ይያዝ። ከጠቅላላው ግማሹ ያለ ክፍያ የሚገቡ የአካባቢያችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይሁኑ። ምሳቸውን በልተው ይሂዱ፣ በመጨረሻው ቀን ደብተራቸውን ይዘው ይውጡ። ሁሉም ልጅ ሁሉንም ነገር አብሮ ይሥራ፤ ማን ከፍሎ ገባ፣ ማን መርፌ ይወጋል የሚለው ከአሠልጣኞቹ አይውጣ።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ጠዋት ነው። ገንዘቡን ኮሚቴው በኋላ ያነጋግራችኋል፤ እኔ የምለምነው ሰዓታችሁን ነው። አንዱን ጠዋት ሙያችሁን ለልጆቹ ታሳያላችሁ። ሌላውን ጠዋት ከልጆቹ ጋር ትውላላችሁ። ከዚያ በፊት እኔና የሕፃናት ሐኪም ጓደኞቼ ለሁላችሁም የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥልጠና እንሰጣለን፤ ስኳር ሲወርድ፣ ሲጥል፣ ደረት ሲያፍን ምን እንደሚደረግ እጃችሁን እስኪለምድ ታያላችሁ። ያንን የተማረ ሰው ነገ ታክሲ ውስጥም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደጅ ላይም የሰው ሕይወት ያተርፋል።

‹‹ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?›› የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። መልሴ ይህ ነው፦ የሕክምናውን ገጽ የፈረመው ሐኪም፣ ያነበበው አሠልጣኝ፣ እውነቱን የጻፈው ወላጅ፣ ሦስቱ ተካፍለው ይወስዱታል። እስከ ዛሬ ግን ሸክሙን ሁሉ ብቻዋን የተሸከመችው ምን ልጻፍ ብላ የተጨነቀችው እናት ነበረች።

የመመዝገቢያው ወረቀት ሻይ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስማችሁን፣ ሙያችሁንና የሚመቿችሁን ሁለት ጠዋቶች ጻፉበት። በሚቀጥለው ዓመት ስንገናኝ የማቀርበው ሪፖርት አጭር ነው የሚሆነው፦ ስንት ወላጅ ‹‹አለበት›› ብሎ ጻፈ፣ ከእነሱስ ውስጥ ስንቱ ልጅ ገባ።

ሃያ ደቂቃዬን ሳላሳልፍ አልቀረሁም፤ ይቅር በሉኝ።  መጪው ክረምት የሰላምና የጤና ይሁንልን።